ስለ መጀመሪያዪቱ ሰንጢና ስለ ቀለምዋ

ከላምበረት ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሣጥናቸውን በደረታቸው አንግበው ከሚዞሩት ሱቅ በደረቴዎች ዘንድ፣ በጥፍር መቁረጫና በእጅ ባትሪ፣ በማበጠሪያና በማስቲካ መካከል፣ ታጥፋ ከጣት የማትረዝም ቀይ ወይም ብርቱካንማ ሰንጢ አትጠፋም፤ አላፊ አግዳሚውም አብዛኛውን ጊዜ ወይ እንደ ሕፃን መጫወቻ ይንቃታል፣ ወይ እንደ ክፉ መሣሪያ ይሸሻታል። እኔ ግን ይህች ትንሽ ሰንጢ ንቀትም ፍርሀትም የማይገባት፣ ይልቁንም ለወጣት ወይም በእጁ መሥራት ለሚወድ ጎልማሳ የመጀመሪያዪቱ የግብረ እድ መሣሪያ ልትሆን የሚገባት ናት ብዬ አምናለሁ፤ ቀለምዋም ደማቅ እንዲሆን የምመክረው ለጌጥ ብዬ ሳይሆን፣ ለባለቤትዋም ለተመልካችዋም የማትሰወር እንድትሆን ነው።

ወላጆች የሰንጢን ስም በሰሙ ጊዜ ፊታቸው የሚለወጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በጨለማ የሰው ኪስ የሚቀድደውና በጠብ መካከል ስለት የሚመዘው ሰው የሚይዛት እርስዋን ነውና። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሰው የሚመርጣት ሰንጢ ምን ዓይነት እንደ ሆነች ልብ ብሎ ላየ ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ያችኛዪቱ ጥቁር ናት፣ ረጅምና ሹል ናት፣ አንዳንድ ጊዜም ቁልፍዋ ሲነካ ስለትዋ በሞላ ተፈናጥሮ የሚወጣ ናት፤ መላ አሠራርዋ እስክትመዘዝ ድረስ እንዳትታይ፣ በተመዘዘችም ጊዜ እንድታስደነግጥ ተብሎ የተበጀ ነው። ስለትዋ ከአመልካች ጣት የሚያንስ፣ በሁለት እጅ ካልሆነ የማትከፈት፣ ከሩቅ የምታበራ ቢጫ ሰንጢ ግን ለመሸሸግ አትመችም፤ ልጁ ከኪሱ ባወጣት ጊዜ እናቱም መምህሩም ያዩአታል፣ ለምን እንዳወጣትም ይጠይቁታል፣ እርሱም ሥራውን እያሳየ መልስ ይሰጣል። ስለዚህ ደማቁ ኅብር ሰንጢዪቱ ለሥራ እንጂ ለጠብ እንዳልተያዘች የሚናገር ትእምርት ይሆናል።

በኮተቤና በየካ ተራራ ሥር ለሚያድግ ልጅ ደግሞ የሰንጢ ሥራ አይታጣም። በነሐሴ ወር ቡሄ ሲቃረብ ለጅራፍ እጀታ የሚሆነውን ዘንግ መላጥና ቃጫው እንዳይንሸራተት በጫፉ ዙሪያ ጎድጎድ ያለ ማሰሪያ ማውጣት፣ ለገና ጨዋታ ጫፉ የቆለመመውን ዱላ እጅ እንዳይልጥ ማለስለስ፣ እርሳስ መቅረጽ፣ ሸንኮራ መላጥ፣ የታሰረ ካርቶን ሲባጎ መበጠስ፣ ይህ ሁሉ ለማድ ቤት ቢላዋ የማይመች፣ ለትንሽ ሰንጢ ግን ልክ የሆነ ሥራ ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን ለጀማሪ መልካም መምህር የሚሆነው የጥርስ መፋቂያ ነው። ውፍረቱ የማርያም ጣት የሚያህል እርጥብ የወይራ ቅርንጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ይቆረጣል፤ ከወደ ታች በግራ እጅ ተይዞ ስለቱ በቅርፊቱ ላይ ጋደል ብሎ ይቀመጣል፤ ከዚያ የቀኝ እጅ ሳይቸኩል ከሰውነት ወደ ውጭ ይገፋል፤ ቅርፊቱም በቀጭኑ እየተጠቀለለ ሲነሣ ነጣ ያለው እንጨት ከሥሩ ብቅ ይላል። ስለቱ ከልክ በላይ ከቆመ እንጨቱ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል፣ ከልክ በላይ ከተኛም ቅርፊቱን ሳይዝ ይንሸራተታል፤ ልጁ በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ በገዛ እጁ ባገኘው ጊዜ፣ ማንም ሰው በቃል ብቻ ሊያስተምረው የማይችለውን ነገር ተማረ ማለት ነው።

የብራና ጸሐፊዎቻችንም ያለ ትንሽ ስለት ሥራቸው አይሰምርላቸውም። መቃውን ቆርጠው ጫፉን በሰያፍ ከላጡ በኋላ ቀለም እንዲወርድበት መካከሉን ሰንጥቀው ብርዕ ያደርጉታል፤ በጽሕፈት ብዛት ሲደነዝዝም እንደ ገና ይቀርጹታል። የደማቅ ቀለምን ኃይል ያወቁትም እነዚሁ ሊቃውንት ናቸው፤ ጥቁሩን ለንባቡ አድርገው የእግዚአብሔርን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ሲጽፉ፣ ስሙን ከማክበራቸው ጋር የአንባቢውም ዐይን ሳይባዝን የሚያርፍበት ቦታ እንዲያገኝ አድርገዋል።

ቀይ እጀታ ያላትን የኪስ ሰንጢ በዓለም ዙሪያ ያሳወቀው የስዊስ አገር ሰው ካርል ኤልዘነር የጀመረው ሥራ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1884 ኢባኽ በምትባል መንደር የቢላዋ መሥሪያውን ከፈተ፤ በ1891 ለአገሩ ጦር ሠራዊት የወታደር ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ፤ በ1897 ደግሞ ቀለል ያለችውን የመኮንኖች ሰንጢ በሕግ አስመዘገበ። የመጀመሪያዎቹ የወታደር ሰንጢዎች እጀታቸው ጥቁር እንጨት ነበርና፣ ዛሬ ሁሉ የሚያውቀው ቀይ ቀለም ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፤ በረዶ ለሚለብስ ተራራማ አገርም ከቀይ የሚሻል ምልክት አይገኝም። እናቱ ቪክቶሪያ በ1909 ባረፈች ጊዜ የፋብሪካው መጠሪያ በስምዋ ተሰየመ፤ በ1921 የማይዝገው ብረት ሥራ ላይ ሲውልም የብረቱ መጠሪያ ከእናቲቱ ስም ጋር ተጣምሮ ቪክቶሪኖክስ ተባለ። ከዚህ ፋብሪካ ከሚወጡት መካከል ለጀማሪ የምትስማማው፣ ታጥፋ 58 ሚሊ ሜትር ብቻ የምትሆነው፣ አንድ ትንሽ ስለት፣ አንድ መቀስና የጥፍር ሞረድ የያዘችው ናት። በፈረንሳይ አገር በሳቯ ተራሮች ዦዜፍ ኦፒኔል በ1890 የጀመራት ሰንጢ ደግሞ እጀታዋ እንጨት ነው፤ በ1955 ስለትዋ ተመልሶ በጣት ላይ እንዳይታጠፍ የሚያግድ ተሽከርካሪ ቀለበት ተጨመረላት፤ ለልጆች ተብላ የተሠራችውም ጫፍዋ ክብ ሆኖ በየዓይነቱ ደማቅ ቀለም ትገኛለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰንጢ ለሚይዝ ልጅ ጫፉ ክብ የሆነውን ስለት እጅግ አጥብቄ እመርጣለሁ፤ ለመላጥና ለመቅረጽ የሚያገለግለው ጠርዙ እንጂ ጫፉ አይደለምና።

ከደማቆቹ ቀለሞች የትኛው ይመረጥ ቢባል፣ መልሱ ሰንጢዪቱ በምትወድቅበት መሬት ላይ የተመሠረተ ነው። በዘመነ ክረምት በለመለመው ሣር ላይ ቀይና ብርቱካንማ ከሩቅ ይለያሉ፤ ነገር ግን የእንጦጦ ተዳፋት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አገራችን የገባውን ባሕር ዛፍ እንደ መልበሱ መጠን፣ በበጋ ከዛፉ ሥር የደረቀ ቅጠልና የተላጠ ቅርፊት ተነጥፎ ይገኛል፤ የዚህም ምንጣፍ ኅብሩ ቀላ ያለ ቡናማ ነውና ቀይዋን ሰንጢ ይውጣታል። እዚያ ላይ የምትታየው ፍካት ያላት ሰማያዊት ናት፤ በጫካ ወለል ላይ ሰማያዊ ነገር ብዙ አይገኝምና። ቢጫዪቱ በአብዛኛው ቦታና ወራት ታማኝ ናት፤ የሰው ዐይን በቀን ብርሃን ከሁሉ አብልጦ የሚነቃው በ555 ናኖሜትር አካባቢ ላለው ለአረንጓዴና ለቢጫው ድንበር ነውና፤ ብቻ በመስከረም አደይ አበባ ሜዳውን በሸፈነው ጊዜ እርስዋም ትሰወራለች።

ሌላም መታወቅ የሚገባው ነገር አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቦሄሚያው ሊቅ ያን ፑርኪንየ እንዳስተዋለው፣ ፀሐይ ጠልቃ ብርሃን ሲደክም ከቀለማት ሁሉ አስቀድሞ የሚጠቁረው ቀይ ነው፤ በቀትር እንደ ፍም የምትታየው ሰንጢ በምሽት ከጥቁር ድንጋይ አትለይም። ከብት ሲጠብቅ ወይም እንጨት ሲለቅም አምሽቶ ለሚመለስ ሰው እንግዲህ ቀይዋ ብዙ አትረዳውም። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚሳናቸው ወንዶች ስላሉም፣ ለእነርሱ ቢጫና ሰማያዊ ይሻላሉ። በእነዚህ ምክንያቶች በኮተቤ ለሚኖር ሰው አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ቢጫዪቱን እመርጣለሁ።

ግዢ ላይ ደግሞ ዐይን ብቻ አይበቃም። በሾላ ገበያ አንድ ጎረምሳ ሻጭ፣ «ጋሼ፣ ኦርጅናል ናት፤ አትዝግም» ብሎ ቀይ ሰንጢ ሲዘረጋላቸው፣ አንድ ሽበታም አባት፣ «እስኪ ልጄ፣ ከፍተህ አሳየኝ» አሉት። ከተቀበሉት በኋላ የስለቱን ገጽ በሁለት ጣት ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቅነቅ አደረጉት፤ ወዲያና ወዲህ ሳይል ቀጥ ብሎ ቆመ። ቀስ ብለው ሲያጥፉትም ሞላው እስከ መጨረሻው ድረስ እየተቃወመ፣ በመጨረሻ ጠቅ ብሎ ገባ። ቀጥሎ እጀታውን ገልብጠው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፋቅ ቢያደርጉት ቀለሙ ተልጦ ነጭ ፕላስቲክ ታየ፤ እርሳቸውም፣ «ልጄ፣ ይህቺ ቀለም ተቀባች እንጂ ራስዋ ቀይ አይደለችም፤ ሌላ ስጠኝ» አሉት። ሻጩም ሳይከፋ ሌላ አወጣላቸው። ፈተናው ይኸው ነው፤ ቀለሙ ከእጀታው ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ከሆነ ብትቧጨርም ኅብርዋን አትለቅም፤ ስለቱ የሚወዛወዝ ወይም ሞላው የላላ ከሆነ ግን በሥራ መካከል በድንገት ታጥፋ ጣት ትቆርጣለችና፣ ዋጋዋ ምንም ቢረክስ አትገዛ።

ሰንጢዪቱ ለልጅ በተሰጠች ጊዜ ጥቂት ሥርዓት አብሮ መሰጠት አለበት፦ ተቀምጦ እንጂ እየሄደ እንዳይሠራባት፣ ለሌላ ሰው ሲያቀብል አጥፎ ወይም በእጀታዋ በኩል እንዲሆን፣ ወደ ሰውነቱ እንዳይስብ። ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ሕዝብ በዓል ሲሄድ ቤት ትቀመጥ፤ በብዙ በር ፍተሻ አለና ምንም ትንሽና ደማቅ ብትሆን ጠባቂው መያዙ ተገቢ ነው። በአውሮፕላን የሚጓዝም ሰው ከእጅ ሻንጣው አውጥቶ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ያኑራት። ወላጅ አብሮ ተቀምጦ የመጀመሪያውን መፋቂያ ቢፍቅ፣ ከብዙ ምክር ይልቅ ይጠቅማል።

የደነዘዘ ስለት ከተሳለው ይልቅ አደገኛ መሆኑን ብዙ ሰው አያምንም፤ የደነዘዘው ኃይል ይጠይቃልና፣ ኃይል ያለበት እጅ ደግሞ ሲያመልጥ የሚቆም አይደለም። በየሰፈሩ እየዞሩ በሚሽከረከር ድንጋይ ቢላዋ የሚስሉት ባለ እጆች ለማድ ቤት ቢላዋ ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት ዐዋጅ ብረት ሠሪውንና ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው መስደብን ከልክለዋልና፣ ዛሬም እነዚህን ሰዎች አክብሮ ማነጋገር ከእኛ ይጠበቃል። ቀጭኗ የሰንጢ ስለት ግን በፍጥነት በሚዞር ድንጋይ ላይ ከጋለች ጥንካሬዋን ስለምታጣ፣ በቤት ውስጥ በውኃ በረጠበ የመሳያ ድንጋይ ላይ ጋደል አድርጎ በዝግታ መሳል ይሻላል፤ ድንጋይ የሌለው ሰውም የሸክላ ስኒ ገልብጦ ባልተወለወለው የቂጡ ጠርዝ ላይ ቢያሻት ትሳልለታለች። ብርቱካን ከተላጠባት በኋላ ታጥባ ትድረቅ፤ የማይዝግ የተባለውም ብረት ቢሆን በጭማቂና በእርጥበት ብዛት ይጠቁራልና። መታጠፊያዋ ሲከብድ የምግብ ዘይት አይጨመርባት፤ እየቆየ ሙጫ ይሆንና ይባስ ያጣብቃታል። የሚስማማት የስፌት መኪና ዘይት ነው፤ ይኸውም አንድ ጠብታ ይበቃልና፣ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ለጠየቀው ልጅ አይነፍግም።