«ለስላሳ» ወይስ «ውርጭ የማይችል»? የፉክሲያ አያያዝ ቃላት በትርጉም ሥራ

በቅርቡ ስለ አበባ አያያዝ የተጻፈ የአንድ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ረቂቅ ትርጉም ለአስተያየት ቀርቦልኝ ነበር። በረቂቁ ውስጥ «ለስላሳ ፉክሲያዎችን በክረምት ወደ አረንጓዴ ቤት ያስገቡ፤ ሲያቆጠቁጡ ይቆንጥጧቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። ቃላቱ ሁሉ በመዝገበ ቃላት የሚገኙ ናቸው፤ ምክሩን የተከተለ አትክልተኛ ግን ተክሉን ያጣል። ምክንያቱን በየተራ እንመልከት።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። ፈረንሳዊው መነኩሴና የዕፀዋት ተመራማሪ ሻርል ፕሉምዬ በሂስፓኞላ ደሴት ያገኘውን ይህን ተክል እ.ኤ.አ. በ1703 የሰየመው ለጀርመናዊው ሐኪም ለሌዎንሃርት ፉክስ (1501-1566) መታሰቢያ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን አነጋገር ከሚከተለው «ፊዩሻ» ይልቅ የስሙን ምንጭ የሚያሳየው «ፉክሲያ» ይመረጣል።

«ቴንደር» በአትክልተኞች አነጋገር የቅጠልን ልስላሴ አያመለክትም፤ ውርጭን አለመቻል ማለት ነው። ከደቡብ ቺሌና ከአርጀንቲና የተገኘው ፉክሲያ ማጌላኒካ ግንዱ በውርጭ ቢደርቅ እንኳ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። የሂስፓኞላው ፉክሲያ ትሪፊላ ግን በውርጭ ይሞታል። «ለስላሳ» ለዳሰሳ፣ «ለጋ» ለዕድሜ የሚነገሩ ናቸው። የደጋ ገበሬ ውርጭን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ «ውርጭ የማይችል» እና ተቃራኒው «ውርጭ ቻይ» ያለ ማብራሪያ ይገባሉ።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት «ክረምት» ነው። የአውሮፓ ብርድ ወራት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሲሆኑ የእኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቅ የዝናብ ወቅት ነው። በአገራችን ደጋም ውርጭ የሚጥለው በበጋ ወራት ነው። እንግዲህ ቃሉን እንዳለ የተቀበለ አንባቢ ተክሉን በሐምሌ ከልሎ በታኅሣሥ ለውርጭ ያጋልጠዋል። ስለዚህ «ውርጭ ከመጣሉ በፊት» ማለት ይሻላል።

«አረንጓዴ ቤት» ስለ ቀለም የሚናገር ይመስላል። «የሙቀት ቤት» ደግሞ የባሰ ያሳስታል፤ በብርድ ወራት ለአብዛኞቹ ፉክሲያዎች 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል፣ ለትሪፊላ ዘመዶች 10 ዲግሪ ያህል ይበቃል። በፀሐይ ወራት ግን የተዘጋ መስታወት ሙቀቱን ከ30 ዲግሪ በላይ ሲያደርሰው እምቡጡ ይረግፋል፤ ጥላና ነፋስ ያስፈልገዋል። በአበባ እርሻዎች የተለመደው «ግሪን ሀውስ» ቢጸና መልካም ነው። ከመኖሪያ ቤት ጋር ተያይዞ ለሚሠራው ግን «የመስታወት እልፍኝ» የሚለውን አቀርባለሁ።

በመጨረሻም ልጅ ይቆነጠጣል፤ ቀንበጥ ግን ይቀነጠባል። ተክሉ ቅርንጫፍ እንዲያበዛ ሁለት ወይም ሦስት ጥንድ ቅጠል ያወጣ ቀንበጥ ጫፉ በጣት ይቆረጣል፤ ይህም «መቀንጠብ» ነው።

እንግዲህ ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ይታረማል፦ «ውርጭ የማይችሉ ፉክሲያዎችን ውርጭ ከመጣሉ በፊት ወደ ግሪን ሀውስ ያስገቡ፤ ሲያቆጠቁጡ ጫፋቸውን ይቀንጥቡ።» ተርጓሚ ከመዝገበ ቃላቱ በፊት ነገሩን ራሱን ሊጠይቅ ይገባል።