የደመራው እንጨትና የደኑ ጠባቂ



በአሰላ ከተማ ለደመራ ተሸክመን የምንመጣው እንጨት አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባ የአውስትራሊያ ተክል ከበዓላችን ጋር የተዛመደው የጭላሎ ደጋ አገር በቀል ዛፍ ከእርሻውና ከግጦሹ መካከል ስለ ጠፋ ነው። ዝግባን፣ ጥድንና ወይራን በአንድነት ለማየት የሚሻ ሰው ወደ ቀደምት አድባራት ቅጽር ይሂድ።

እነዚያን ዛፎች ያቆየ ፈሪሃ እግዚአብሔር መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ሥርዓቱም አለ። ወሰኑ የታወቀ ነው፤ አስተዳዳሪውና ሰበካ ጉባኤው ሳይፈቅዱ ማንም ምሳር አያነሣም፤ የወደቀውም ግንድ ለቤተ ክርስቲያኑ ሥራ ይውላል።

የመንግሥት ደን ታሪክ ከዚህ ይለያል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ታላላቅ ደኖች በመንግሥት እጅ ገቡ። በዳር የሚኖረው ገበሬ ግን ደኑን የራሱ አድርጎ አላየውም። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲፈርስ በብዙ ስፍራ ምሳሩ ያለ ከልካይ መነሣቱ ከዚህ የመጣ ይመስለናል።

ከአርሲ ደጋ በስተደቡብ በአዳባና በዶዶላ ሌላ መንገድ ተሞክሯል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ «ዋጂብ» የተባሉ የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ። ስሙ በኦሮምኛ የማኅበሩ መጠሪያ ምኅጻር ነው፤ በዐረብኛ ግን «ግዴታ» ማለት ነውና፣ አብዛኞቹ ሙስሊም ለሆኑት አባላት ትርጉሙ ሳይሰወር አልቀረም። አንድ ማኅበር ከ30 አባወራ አይበልጥም፤ ለያንዳንዱም 12 ሄክታር ያህል ይታሰባል። አባላቱ ከደኑ ይጠቀማሉ፤ በልዋጩ የደኑን ሽፋን ይጠብቃሉ፣ አዲስ ሰፋሪ አያስገቡም፣ ለመንግሥትም ኪራይ ይከፍላሉ። ቅጽራችንን ያቆየው ያው ነገር ነው፦ የታወቀ ወሰን፣ የታወቀ ባለመብት፣ የሚጠየቅ ሰው።

ሕጉ ዘግይቶ ተከተለ። የ1999ኙ የደን አዋጅ ቁጥር 542 የግልና የመንግሥት ደን ብቻ ያውቅ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ግን የማኅበረሰብንና የማኅበራትን ደን ጨመረ። ይህ መብት በወረቀት ከቀረ ገበሬው ነገም ደኑን «የመንግሥት ነው» ማለቱ አይቀርም።

የእኛም ቅጽር ያለ ሥጋት አይደለም። ዛሬ በየደብሩ ለመቃብርና ለአዳራሽ ቦታ የሚጠየቀው ከዝግባው ሥር ነው። በዚህ ጉዳይ ምሳር የሚያነሣው የውጭ ሰው አይደለም፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ያው ሰበካ ጉባኤ ነው።