ስለ ወገብ ሕመምና ስለ አከርካሪ ቀዶ ሕክምና

አከርካሪ ለሰውነት እንደ ቤት ምሰሶ ነው። ምሰሶው ያዘመመ እንደ ሆነ ቤቱ በሙሉ እንደሚናወጥ፥ ወገቡን የታመመ ሰውም በመቀመጥም ሆነ በመተኛት ዕረፍት አያገኝም። ይህ ሕመም ከብዙ ቤተ ሰብ የማይጠፋ ስለ ሆነ መነሻውንና የሕክምናውን ጥበብ በአጭሩ እንገልጻለን።

በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ዲስክ የሚባሉ 23 ትራሶች ይገኛሉ። ዙሪያቸው በብርቱ ጅማት የታጠረ ሲሆን ውስጣቸው ለስላሳና ዝልግልግ ነው። ከዕድሜ ብዛት ወይም ከከባድ ሸክም የተነሣ ዙሪያው የተቀደደ እንደ ሆነ፥ የውስጡ ወደ ውጭ ወጥቶ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ይጫናል። የተጎዳው ወገብ ሳለ ሕመሙ እስከ እግር ጣት የሚሰማው ስለዚህ ነው።

በቀድሞ ዘመን ሐኪሞች ይህን ሲያገኙ ዕጢ ይመስላቸው ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1934 ዓመት ግን ዊልያም ሚክስተርና ጆሴፍ ባር የተባሉ በአሜሪካ የቦስቶን ከተማ ሐኪሞች፥ ነገሩ ዕጢ ሳይሆን ከስፍራው የወጣ ዲስክ መሆኑን፥ ቀዶ በማውጣትም ሕመምተኛው እንደሚድን ጽፈው አስታወቁ። በ1977 ዓመትም ያሳርጊልና ካስፓር የተባሉ ሊቃውንት እየራሳቸው፥ በማይክሮስኮፕ እየተመለከቱ በጠባብ ቀዳዳ የመሥራትን ዘዴ ገለጹ።

ሁለተኛው ዘዴ የተበላሸውን ትራስ አውጥቶ ሁለቱን አጥንቶች አንድ ማድረግ ነው። ይህ ሲሆን ግን ያ ስፍራ መታጠፍን ይተዋል፤ ከላይና ከታች ባሉትም ትራሶች ላይ ሸክም ይበዛል።

ስለዚህ ሦስተኛ ዘዴ ታሰበ። በ1972 ዓመት በሙኒክ ኦሊምፒክ በጂምናስቲክ ሁለት የወርቅ ሜዳይ የተሸለመችው ካሪን ቢውትነር ያንትስ፥ ኋላ ሐኪም ሆና ከባልደረባዋ ከኩርት ሼልናክ ጋራ በበርሊን በሻሪቴ ሐኪም ቤት ከብረትና ከፕላስቲክ የተሠራ ዲስክ አዘጋጀች። በ1984 ዓመትም ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ወገብ ገባ። ይህ ግን ለተመረጡ ሕመምተኞች እንጂ ለሁሉ አይሆንም።

እንግዲህ ወገቡን የታመመ ሁሉ ይቀደድን? አይደለም። የብዙዎቹ ሕመም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በመጠነኛ እንቅስቃሴና በመድኃኒት ይቀላል። ቬበር የተባለ የኖርዌይ ሐኪም 126 ሕመምተኞችን በዕጣ ለይቶ መርምሮ በ1983 ዓመት እንደ ገለጸው፥ በአንደኛው ዓመት የተቀደዱት ካልተቀደዱት ይሻሉ ነበር፤ በአራተኛው ዓመት ግን ልዩነቱ እጅግ አነሰ። ስለዚህ ቀዶ ሕክምና ሥቃይን ለማሳጠር ይረዳል እንጂ የተቀደደውን ትራስ እንደ ወጣትነቱ አይመልስም።

ነገር ግን መዘግየት የማይገባበት ጊዜ አለ። ሽንት እንቢ ያለው፥ ወይም ሽንቱንና ሰገራውን መቈጣጠር ያቃተው፥ በብልቱና በመቀመጫው ዙሪያ የደነዘዘ፥ ሁለት እግሩም የሰነፈ ሰው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ ይገባዋል። ይህን ሰው ወደ ወጌሻ ወስዶ ማሳሸት፥ ወይም ነገ ይሻለው ይሆናል ብሎ ማሳደር፥ ዕድሜ ልክ ለሚኖር ጉዳት መስጠት ነው።

እንግዲህ የቤተ ሰብ አለቃ ሁለቱን ለይቶ ይወቅ። ለሚታገሡት ሕመም ትዕግሥት፥ ለማይታገሡት ሕመም ፍጥነት ያስፈልጋል።