የሕፃናት ሞት፣ የአካባቢ ልማትና ግጭት፦ ወላጆች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ሞት ባለፉት አሥርት ዓመታት በከፍተኛ ደረጃ ቀንሷል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ1992 ዓ.ም. በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ይህ ቁጥር ወደ 67 ወርዷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው መሠማራታቸውና የክትባት አገልግሎት መስፋፋቱ ለውጤቱ ጉልህ አስተዋጽኦ አድርገዋል።

የአካባቢ ልዩነት

ውጤቱ ግን በሁሉም አካባቢ እኩል አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ጥናት የሞት መጠኑ ከ1,000 ሕፃናት በአዲስ አበባ 39፣ በአፋር ክልል 125 ሆኖ ተመዝግቧል። የጤና ተቋም ርቀት፣ የመንገድና የንጹሕ ውኃ እጥረት፣ ተደጋጋሚ ድርቅ እንዲሁም የእናቶች የትምህርት ዕድል ማነስ ለዚህ ልዩነት ምክንያት ከሚሆኑት መካከል ይጠቀሳሉ።

የግጭት ጉዳት

ግጭት ይህንኑ ክፍተት ያሰፋል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በተካሄደው ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ክልሎች በርካታ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ወድመዋል፣ ተዘርፈዋል። በእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ሕፃናትን ለሞት የሚዳርገው የጦር መሣሪያ ብቻ አይደለም። ማቀዝቀዣ ሲቋረጥ ክትባት ይበላሻል፤ አምቡላንስ ሲጠፋ እናቶች ያለ ባለሙያ ይወልዳሉ፤ በቀላሉ ሊታከሙ የሚችሉት ተቅማጥና የሳንባ ምች በምግብ እጥረት ለተዳከመ ሕፃን ገዳይ ይሆናሉ።

ከወላጆች የሚጠበቅ

• ክትባት የተቋረጠበት ሕፃን ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያው እንዲጀምር አይገደድም። በመፈናቀል ምክንያት የክትባት ካርድ የጠፋባቸው ወላጆችም ሕፃኑን በአቅራቢያቸው ወዳለ ጤና ተቋም ከመውሰድ ሊቆጠቡ አይገባም።

• በመንግሥት ጤና ተቋማት መደበኛ ክትባትና የወሊድ አገልግሎት በነፃ ይሰጣሉ።

• ሕፃኑ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ራሱን ከሳተ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

• ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ጡት መጥባቱን ሳያቋርጥ ኦ.አር.ኤስ. እና ዚንክ ሊሰጠው ይገባል።

የፈረሰ ጤና ጣቢያ መልሶ እስኪገነባ ጊዜ ይወስዳል። የሕፃናት ክትባትና ሕክምና ግን ቀን የሚሰጥ ጉዳይ አይደለም።