ባሩድና እርሳስ በልክ

ከደባርቅ ተነሥቶ፣ በጨነቅ በኩል የቧሂትን መተላለፊያ ተሻግሮ ወደ አምቢኮ የሚወርድ መንገደኛ፣ ዓይኑም ሐሳቡም በራስ ዳሸን ላይ ስለሚያርፍ፣ ይህ የሰሜን ምድር በዘመነ መሳፍንት ማብቂያ ነፍጥ በብዛት የተከማቸበት አገር እንደ ነበረ ብዙ ጊዜ አያስታውስም። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም በምጽዋ በር በሚገባው ነፍጥ እጅግ በርትተው ሳለ፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም ደረስጌ ላይ በደጃዝማች ካሣ ድል ተነሡ፤ ውቤ ራሳቸው ባሳነጹት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም ድል አድራጊው ከአቡነ ሰላማ እጅ ቅብዐ መንግሥት ተቀብለው ቴዎድሮስ ተባሉ።

የዚያ ዘመን የጦር መሣሪያ፣ ነፍጥም ሆነ ሽጉጥ፣ ጠባዩ የሚገለጠው በሚያጎርሰው ሰው እጅ ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ ለእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ስለ ተደረገው ቸርነት ምስጋና ብለው የላኩት፣ ዐፄ ቴዎድሮስም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም መቅደላ ላይ እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው ሕይወታቸውን ያሳለፉበት ሽጉጥ የዚሁ የባሩድ ዘመን ሥራ ነው።

ስድስት ጎራሽ የባሩድ ሽጉጥ ቀለህ ያለው ጥይት ስለማይጎርስ፣ በሚሽከረከረው ክፍል ባለው በእያንዳንዱ ቀዳዳ አስቀድሞ ባሩድ፣ ቀጥሎም የእርሳስ አረር ይገባበታል። ብዙዎች ባሩድ በበዛ መጠን ተኩሱ የሚሰምር ይመስላቸዋል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው፤ ከመጠን ያለፈ ባሩድ እጅን ያናውጣል፣ አረሩንም ያዛባል፤ መጠነኛው ግን፣ በስድስቱም ቀዳዳ ሳይበልጥና ሳያንስ በአንድ መስፈሪያ ከተሰፈረ፣ ስድስቱን አረር ወደ አንድ ስፍራ ይሰበስባል። ባሩዱ ጥቂት በመሆኑ የጎደለውን ስፍራ የዛሬ ተኳሾች በሰሞሊና ይሞሉታል፤ አረሩ ወደ ቀዳዳው አፍ ቀርቦ ሲቀመጥ፣ ወደ አፈሙዙ ጥምዝ መስመር ሳይናጋ ይገባልና።

አረሩም ከቀዳዳው በጥቂቱ ሰፋ ማለት ይገባዋል፤ በመጫኛው ዘንግ ተገፍቶ ሲገባ ቀጭን የእርሳስ ቀለበት ከላዩ ቢላጭ፣ ቀዳዳውን አጥብቆ እንደ ዘጋ ምልክት ነው። በባሩዱና በአረሩ መካከል ባዶ ስፍራ እንዲቀር ፈጽሞ አይፈቀድም፤ የግፊቱም ኃይል በስድስቱ ሁሉ እኩል ይሁን። ስብ ወይም ሰም ከአረሩ በላይ መቀባቱ የባሩዱን ጥላሸት ያለዝባል። ባሩዱን የምታቀጣጥለው ቆብ በመጨረሻ ትደረጋለች፣ ያውም አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ዞሮ።

ከጥቂት ዙር በኋላ ጥላሸቱ ጥምዙን መስመር ስለሚሞላው፣ ቀድሞ ኢላማውን ሲመታ የነበረው ሽጉጥ መሳት ይጀምራል፤ በ25 ሜትር ርቀት የሚወዳደሩት የዛሬ ተኳሾች በተኩስና በተኩስ መካከል አፈሙዙን በእርጥብ ጨርቅ የሚወለውሉት ስለዚህ ነው። የባሩድ ዝቃጭ እርጥበትን ከአየር ስለሚስብ፣ እንደ ሰሜን ባለ ጉም በሚውልበት አገር ያልታጠበ ሽጉጥ ፈጥኖ ይዝጋል፤ በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በዚያው ዕለት ዘይት መቀባት አለበት።