ፍሪጅ ጋዝ አይጨርስም

«ጋዝ ጨርሷል» አለኝ የመጀመሪያው ጠጋኝ። ሞላ፣ ሒሳቡን ተቀበለ፣ ሄደ። ፍሪጁ አራት ወር ያህል ሠርቶ ወተት ያኮመጥጥ ጀመር። ሁለተኛው መጣና እሱም «ጋዝ ጨርሷል» ብሎ ሞላ፤ የእሱስ ሁለት ወር እንኳ አልዘለቀም። ሦስተኛው ወጣት ነው። ጋዝ ከመንካቱ በፊት ናይትሮጅን ወደ ቱቦው ለቀቀና የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በጥብጦ፣ በቀለም ብሩሽ እየነከረ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ይቀባ ጀመር። አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ አያለሁ። ከኮምፕሬሰሩ ጀርባ፣ ፊልተሩ አንገት ላይ፣ ከዚህ በፊት የተበየደ ቦታ አለ። እዚያ ሲደርስ የጤፍ ፍሬ የምታህል አረፋ ብቅ አለች፤ አደገች፤ ፈነዳች፤ በቦታዋ ሌላ ተተካች።

«ጋሼ፣ ፍሪጅ ጋዝ አይጨርስም» አለኝ ብሩሹን ሳያነሳ። «መኪና ቤንዚን እንደሚጨርሰው አይደለም። ጋዙ እዚያው ውስጥ ሲዞር ነው የሚኖረው። ከጎደለ ወጥቷል፤ ከወጣ ደግሞ መውጫ አለው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁ ሱቅ ጎራ ማለት ልማዴ ሆነ። ስለዚህ ጋዝ የነገረኝን ከመጽሐፍ ካነበብኩት ጋር ሳስተያየው፣ ቤታችን ውስጥ ሌት ተቀን የሚያጉረመርመውን ዕቃ ምን ያህል እንደማናውቀው ገባኝ።

ነገሩ ከእንስራ የራቀ አይደለም። በሸክላ እንስራ ያደረ ውሃ የሚቀዘቅዘው እንስራው ስለሚያልበው ነው፤ ላቡ ሲተን የውሃውን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ፍሪጅም ሥራው ይኸው ነው። ልዩነቱ እንስራ የተነነውን ለአየር ሲለቅ፣ ፍሪጅ የተነነውን መልሶ መሰብሰቡ ነው። ፍሪዘሩ ውስጥ ባለው ቱቦ ፈሳሹ እየተነነ ሙቀት ይመጥጣል፤ ኮምፕሬሰሩ ትነቱን ስቦ ይጨምቀዋል፤ ከኋላ ባለው ጥቁር ሽቦ መሰል ቱቦ ውስጥ ሙቀቱን ለክፍላችን አየር አስረክቦ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል፤ ከዚያም እንደ ፀጉር በቀጠነ የመዳብ ቱቦ፣ ካፒላሪ በሚሉት፣ ሾልኮ ተመልሶ ይተናል። ይህ ዑደት ካልተቀደደ ሃያ ሠላሳ ዓመት በዚያው ጋዝ ይሠራል።

ሁሉም ፈሳሽ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከዜሮ በታች በሆነ ቅዝቃዜ መትነን የሚችል ያስፈልጋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኤተር ተሞከረ፤ አሞኒያ ተከተለ፤ አሞኒያ ዛሬም በትልልቅ ቢራ ፋብሪካዎችና ቀዝቃዛ መጋዘኖች ሥራ ላይ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1920ዎቹ ፍሪጅ ወደ መኖሪያ ቤት ሲገባ ግን በውስጡ የነበረው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወይም ሜቲል ክሎራይድ ነበር፤ ሁለቱም መርዝ ናቸው። ሌሊት ቱቦው ከተሰነጠቀ ቤተሰብ ተኝቶ ይቀራል። በርሊን ውስጥ በዚህ መንገድ ያለቀ ቤተሰብ ዜና አልበርት አንስታይንን እጅግ አሳዝኖት፣ ከፊዚክስ ሊቁ ሊዮ ዚላርድ ጋር ሆኖ የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለው፣ የሚያፈስበትም መጋጠሚያ የማይኖረው ፍሪጅ ለመሥራት እንዳነሳሳው ይነገራል። በ1930 የአሜሪካን የፈጠራ መብት አግኝተውበታል፤ ገበያ ግን አልደረሰም።

ገበያውን የወሰደው ሌላ መፍትሔ ነው። የጄኔራል ሞተርስ ኬሚስት ቶማስ ሚጅሊና ባልደረቦቹ በ1928 ካርቦንን ከክሎሪንና ከፍሎሪን ጋር አጣምረው የማይመርዝ፣ የማይነድ፣ የማይሸት፣ ብረት የማይበላ ጋዝ ሠሩ። በ1930 ሚጅሊ በኬሚስቶች ጉባኤ ፊት ጋዙን በሳንባው ሙሉ ስቦ በሻማ ነበልባል ላይ ተነፈሰው። ሻማው ጠፋ፤ ሰውየው ደኅና ቆመ። «ፍሪዮን» የተባለው ይህ ጋዝ ነው፤ ባለሙያዎቹ አር-12 የሚሉት። በባሕር ወለል ግፊት ከዜሮ በታች ወደ 30 ዲግሪ ላይ ይፈላል።

ብዙ ጽሑፎች ሚጅሊን የምድር ጠላት አድርገው ይስሉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። እናቶችና ሕፃናት በተኙበት ቤት ውስጥ መርዝ ተቀምጦ ነበር፤ እሱ አወጣው። ችግሩ የመጣው ከዚያው ከተወደደለት ጠባይ ነው። ከምንም ጋር የማይዋሃድ ጋዝ ከተለቀቀ በኋላም አይፈርስም። አር-12 አየር ላይ መቶ ዓመት ገደማ ይቆያል። ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣና፣ ኃይለኛው የፀሐይ ጨረር ሲያገኘው ይሰበራል፤ ያኔ የሚላቀቀው አንድ የክሎሪን አቶም እስከ መቶ ሺህ የሚደርሱ የኦዞን ሞለኪውሎችን ሊበላ ይችላል። ይህን ኬሚስቶቹ ሼርዉድ ሮውላንድና ማርዮ ሞሊና በ1974 አስቀድመው ጻፉ፤ በ1985 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ ኦዞኑ ሳስቶ አገኙት። በመስከረም 1987 በሞንትሪያል የተፈረመው ስምምነት እነዚህን ጋዞች ከምርት ማስወጣት ጀመረ። ዛሬ የዓለም አገሮች በሙሉ፣ ኢትዮጵያም ጭምር፣ አባል ናቸው። ታዳጊ አገሮች አር-12ን እና መሰሎቹን እስከ 2010 ድረስ እንዲያቆሙ ነበር ጊዜ የተሰጣቸው።

ወረቀቱ እንዲህ ነው። ሱቅ ውስጥ ያለው ለውጥ ግን ከወረቀቱ ይልቅ ያስገርመኛል።

በአር-12 ዘመን ጋዝ ርካሽ ነበር፤ አይሸትም፤ አይጎዳም። ስለዚህ ኮምፕሬሰር የሚቀይር ሰው መጀመሪያ ቱቦውን በፒንሳ ቆርጦ «ፍስስስ» ያሰኘዋል። በቱቦው ውስጥ የቀረውን አየር የሚያስወጣው ሌላ ጋዝ ለቆበት ነው። ያ ሁሉ ጋዝ በመስኮት ይወጣል። አየር መሳቢያ ቫኪዩም ፓምፕ የሌለው ከአሮጌ ፍሪጅ የተነቀለ ኮምፕሬሰር ገልብጦ ይስብበታል። ጋዙን የሚሞላው በእጁ ነው፦ ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚመለሰውን ቱቦ ይዞ፣ ሲቀዘቅዝና ሲያልበው «በቃ» ይላል። ይህን ሙያ አልንቀውም። በእጅ ስሜት ብቻ ግራሙን የሚጠጉ አዛውንቶች አሉ።

የዚያ ዘመን መሣሪያዎች ውስጥ አንድ የወደድኩት አለ፤ ልጁ ከመደርደሪያው ሥር አውጥቶ አሳየኝ። ትንሽ የጋዝ መብራት ናት፤ ጫፏ ላይ የመዳብ ሳህን፣ ከጎኗ እንደ ዝሆን ኩምቢ የተንጠለጠለ የጎማ ቱቦ። ለኩሰው ቱቦዋን በመጋጠሚያዎቹ ዙሪያ ያዞሯታል፤ የምትነደውን አየር በዚያ ቱቦ ነው የምትስበው። ፍንጥር ያለ አር-12 ካገኘች ክሎሪኑ ከጋለው መዳብ ጋር ተገናኝቶ ሰማያዊው ነበልባል አረንጓዴ ይሆናል፤ ብዙ ካገኘች ወደ ሐምራዊ ያደላል። ስታስበው ድንቅ ናት፤ ዓይን የማያየውን፣ አፍንጫ የማይሸተውን በቀለም ትናገራለች። ጋዙ ሲቃጠል ግን መርዛማ ጭስ ይወጣል፤ በዝግ ክፍል ውስጥ ብዙ ማጎንበስ አይገባም ነበር።

መብራቷን ከሥራ ያወጣት አር-12ን የተካው አር-134ኤ ነው። ክሎሪን የለውም፤ ኦዞን አይነካም፤ ስለዚህ መብራቷ አታየውም። ብዙ ጠጋኞች በዚህ ግራ ተጋብተዋል፦ ነበልባሉ ሰማያዊ ነው፣ «ቀዳዳ የለም» ይላሉ፣ ጋዙ ግን ይወጣል። ሁለተኛው ዱብ ዕዳ ዘይቱ ነበር። አር-12 የኮምፕሬሰሩን የማዕድን ዘይት ይዞ ዞሮ ይመልሰዋል፤ አር-134ኤ ከዚያ ዘይት ጋር አይግባባም፤ ዘይቱ ፍሪዘሩ ውስጥ ይቀርና ኮምፕሬሰሩ ደርቆ ይነክሳል። አዲሱ ሠራሽ ዘይት ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ ጣሳውን ከፍቶ ምሳ መሄድ አይቻልም። እርጥበት የገባበት ፍሪጅ አንድ መለያ ጠባይ አለው፦ ጥቂት ሰዓት ይሠራል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይነሣል። የካፒላሪው ጫፍ ላይ ጠብታዋ በረዶ ሆና ትዘጋዋለች፤ ስትቀልጥ ይከፈታል። ባለቤቱ «ኤሌክትሪኩ ነው» ይላል፤ ጠጋኙ «ጋዝ ጨርሷል» ይላል። በቂ ቫኪዩም አለመሳቡ ነው።

ቫኪዩም ካልን አዲስ አበባ ላይ ያለ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ውሃም በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ከውጭ የመጣው የሥራ መመሪያ «ጌጁ ከዜሮ በታች 30 ኢንች እስኪደርስ ሳብ» ይላል። አዲስ አበባ ላይ ጌጁ 23 ገደማ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በታች የሚወጣ አየር ስለሌለ ነው። በዚህ ምክንያት ጤነኛ ፓምፑን «ተበላሽቷል» ብሎ የጣለ ሰው እንዳለ ልጁ ነግሮኛል። ሲሞላም እንደዚያው ነው። አር-134ኤ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲሆን በባሕር ወለል ጌጅ ላይ ወደ 5 ፒኤስአይ ያሳያል፤ አዲስ አበባ ላይ ያው ጋዝ በዚያው ቅዝቃዜ ወደ 8 ያሳያል። በመመሪያው ቁጥር የሞላ ሰው ጋዙን ያጎድለዋል፤ በረዶው የፍሪዘሩን ግማሽ ብቻ ይይዛል፤ ከሳምንት በኋላ ሌላ ጠጋኝ ይጠራል። ልጁ ለዚህ ነው ሚዛን የገዛው። የጋዙን ሲሊንደር ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ፣ በፍሪጁ ጀርባ ካለው ታርጋ ላይ ግራሙን አንብቦ፣ ያንኑ ያህል ያስገባል። ግራም አዲስ አበባም ሰመራም ያው ግራም ነው።

አር-134ኤም የመጨረሻው አልሆነም። ኦዞንን ባይነካም ሙቀት አማቂ ነው፦ በመቶ ዓመት ስሌት አንድ ኪሎው ወደ 1,430 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ያሞቃል። አር-12 ደግሞ ከ10,000 ኪሎ በላይ። ከአንድ አሮጌ ፍሪጅ የሚለቀቅ 150 ግራም አር-12 ብቻውን ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት ነው። በጥቅምት 2016 ኪጋሊ ላይ በተደረሰው የሞንትሪያል ስምምነት ማሻሻያ መሠረት እነ አር-134ኤም ወደ መቀነስ ገቡ፤ ኢትዮጵያ ያለችበት የአገሮች ምድብ ፍጆታውን ከ2024 ጀምሮ ባለበት እንዲያቆም ነው የተወሰነው። በአየር ማቀዝቀዣና በሥጋ ቤት የቆየው አር-22ም በመውጣት ላይ ነው።

በአዲሶቹ የቤት ፍሪጆች ውስጥ አሁን ያለው አር-600ኤ ነው፤ አይሶቡቴን። የቡታጋዝ ዘመድ ነው፤ ይነዳል። ሚጅሊ የሸሸው እሳት ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ ግን መጠኑ ትንሽ ነው። አንድ ፍሪጅ የሚይዘው 50 ግራም ገደማ ቢሆን ነው፤ አሥር የሲጋራ ላይተር ውስጥ ካለው ብዙም አይበልጥም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግሪንፒስ ከጀርመን ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ይህን መንገድ ሲያሳይ ትልልቆቹ አምራቾች «አደገኛ ነው» ብለው ነበር። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በብዙ ሚሊዮን ቤቶች ውስጥ አለ።

ነገር ግን የጥንቱን እጅ ይዞ ወደዚህ ጋዝ መቅረብ አይቻልም፤ ይህን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ቱቦውን «ፍስስስ» አሰኝቶ ወዲያው ብየዳ መለኮስ በዝግ ኩሽና ውስጥ ፍንዳታ ነው። የሚሸት ነገር አልተቀላቀለበትም፤ እንደ ቡታጋዝ አፍንጫ አያስጠነቅቅም። ልጁ አር-600ኤ ሲያገኝ ዕቃውን ወደ በረንዳ ያወጣል፤ ጋዙን በረጅም ቱቦ ወደ ውጭ ያወጣል፤ ቱቦውን በናይትሮጅን ያጥባል፤ ሲቻለውም ሳይበይድ በቀለበት ጨምቆ ያገናኛል። የማስነሻ ሪሌውን ሲቀይርም ብልጭታ የማያወጣውን፣ ለዚያ የተሠራውን ይፈልጋል። ከማብሰያው ሲሊንደር ጋዝ ቀድተው ፍሪጅ የሚሞሉ እንዳሉ ይሰማል። የማብሰያ ጋዝ ድብልቅ ነው፣ እርጥበትና ቆሻሻ አለው፤ ግፊቱም ሌላ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው በር ላይ ከመጣ መመለስ ነው።

አሮጌዎቹስ የት ይደርሳሉ? ቁራሌው መጥቶ ይገዛቸዋል። ምናለሽ ተራ ሲደርሱ መዳቡ ለብቻ፣ ኮምፕሬሰሩ ለብቻ፣ ብረቱ ለብቻ ይሆናል፤ ጋዙን የሚገዛ የለም፤ ስለዚህ መዳቡ ሲቆረጥ ይወጣል። በግድግዳው ውስጥ ያለው ቢጫ ስፖንጅም ከ1990ዎቹ በፊት በተሠሩት ፍሪጆች የአር-12 ዘመድ በሆነው በአር-11 የተነፋ ነው፤ በቱቦው ውስጥ ካለው የሚበልጥ ጋዝ እዚያ ውስጥ ታምቋል። ፍሪጁን ሰባብሮ ስፖንጁን መጣል እሱንም መልቀቅ ነው። ቁራሌውን መውቀስ አልችልም፤ የሚከፈለው ለመዳቡ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ደንበኛ ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ፍሪጅ ለልጁ ሸጠለት። ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል፤ ቱቦው ግን አንድም ጊዜ አልተከፈተም። ልጁ ቱቦውን ከመቁረጡ በፊት መሳቢያ ማሽኑን ሰክቶ ጋዙን ወደ ባዶ ሲሊንደር ሰበሰበው። ሲሊንደሩን መዘነው፦ መቶ ሠላሳ ግራም፤ ፋብሪካው ታርጋው ላይ ከጻፈው እምብዛም ያልጎደለ። የሚረከበው ሰው ጠይቆ እስካሁን አላገኘም። ሲሊንደሩ ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጧል፤ ወገቡ ላይ በማርከር «አር-12፣ አሮጌ፣ እንዳትከፍቱ» ተብሎ ተጽፎበታል።