እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ
በመሥሪያ ቤት ስለሚደርስ ትንኮሳ

ባለፈው ክረምት፥ በአንድ ሰኞ ማለዳ፥ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚሄደው ሚኒባስ ስሳፈር ከጎኔ የተቀመጠችው ወጣት የቀድሞ ተማሪዬ ሆና አገኘኋት። ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት ከክፍሉ ሁሉ አስቀድማ እጇን የምታወጣ የሐብሩ ልጅ ነበረች። አሁን ወልድያ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆናለች። እንኳን ደስ ያለሽ ብዬ ስለ ሥራዋ ብጠይቃት፥ ሲሪንቃን እስክናልፍ ድረስ በመስኮት ስትመለከት ቆይታ፥ «ቲቸር፥ ሥራውን ልለቅ ነው» አለችኝ።

ነገሩ የጀመረው በሳቅ ነው። አለቃዋ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «የእኛ ቆንጆ» እያለ ይጠራታል፤ ሰዉ ይሥቃል፤ እርሷም ኩሩ እንዳትባል ፈገግ ትላለች። በሁለተኛው ወር ማታ ማታ ስልክ መደወል ጀመረ። በሦስተኛው ወር ሁሉም ወደየቤቱ ሲሄድ «መዝገብ ፈልጊልኝ» እያለ ያስቀራት ነበር። በመጨረሻም የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሲቃረብ፥ «የቋሚነት ደብዳቤሽን የምፈርመው እኔ መሆኔን አትርሺ» አላት። አንዲት የሥራ ባልደረባዋን ብታማክራት «ጨዋታ ነው፤ አታክብጂው» አለቻት። እናቷም «ልጄ፥ በእንጀራሽ አትቀልጂ፤ ቻል አድርጊው» አሏት። የታናሽ ወንድሟ የትምህርት ወጪ የሚሸፈነው ከዚያችው ደመወዝ ነውና፥ በእናቲቱ ላይ መፍረድ ያስቸግራል።

አባቶች «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ደራሽ ጎርፍን ሰው ሁሉ ይሸሸዋል። ቀስ እያለ ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት የሚወጣውን ውሃ ግን የሚሸሸው የለም፤ ለማምለጥ ሲታሰብ ወገብ ላይ ደርሷል።

ጨዋታና ትንኮሳ በምን ይለያሉ?

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ፥ «እንግዲያውስ በመሥሪያ ቤት መሣቅና መጫወት ሊቀር ነውን?» ይል ይሆናል። አይቀርም። አለቃ የሥራን ስሕተት ቢያርም፥ የዘገየውን ቢገሥጽ፥ ትንኮሳ አይባልም። ባልደረባም አንድ ያልተገባ ቃል አምልጦት፥ «አልወደድሁትም» ሲባል ይቅርታ ጠይቆ ቢተው፥ ስሕተቱን አርሟል ማለት ነው።

ለመለየት ሦስት ጥያቄዎች ይረዳሉ። አንደኛ፥ ያንኑ ቃል የበታቹ ለበላዩ ሳይፈራ ሊመልስለት ይችላልን? ሁለተኛ፥ «ተው» ሲባል ትቷልን? ሦስተኛ፥ ነገሩ ከዕድገት፥ ከፈቃድ፥ ከዝውውር ወይም ከሥራ አፈጻጸም ውጤት ጋር ተያይዟልን? ለሦስተኛው ጥያቄ መልሱ «አዎን» ከሆነ፥ ጨዋታ የሚለው ስም አይሠራም። ለሥራ የተሰጠ ፊርማ የግል ሸቀጥ ሆኗልና።

ትንኮሳ በሴቶች ላይ ብቻ የሚደርስ፥ ወይም ስለ ወሲብ ብቻ የሆነ አይደለም። ወጣቱን ጸሐፊ በትውልድ ቦታው ወይም በድህነቱ እየሰደቡ ማሸማቀቅም ከዚሁ ወገን ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት ሰኔ 14 ቀን 2011 ዓ.ም. በጄኔቭ ባጸደቀው ቁጥር 190 ስምምነት፥ በአካል፥ በመንፈስ፥ በወሲብ ወይም በኑሮ ላይ ጉዳት የሚያደርስ ድርጊት፥ አንድ ጊዜ ብቻ ቢፈጸምም እንኳ፥ ትንኮሳ ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። ሥራ ፈላጊውና ለልምምድ የተላከው ተማሪም በዚሁ ስምምነት ታስበዋል።

የአገራችን ሕግ

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፥ አንድን ሰው ያለ ፈቃዱ በቃል፥ በምልክት ወይም በሌላ መንገድ ለወሲብ መገፋፋትን «ወሲባዊ ትንኮሳ» ይለዋል። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ይህን ከፈጸመ፥ ወይም ተነግሮት ዝም ካለ፥ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ሊለቅ ይችላል፤ ከስንብት ክፍያው በላይም የ90 ቀን ደመወዝ ካሣ ይገባዋል። ነገር ግን ልብ በሉ! ይህ መብት በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ያልፋል፤ ምክንያቱም በጽሑፍ መገለጽ አለበት። ይሉኝታ ይዞን «እስቲ ይለፍ» ስንል መብቱ ራሱ አልፎ ይሄዳል።

ይህ አዋጅ የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም፤ እርሱ የሚተዳደረው በራሱ ሕግ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 በሥራ ቦታ የሚፈጸመውን ወሲባዊ ጥቃት ከከባድ የዲሲፕሊን ጥፋቶች ቆጥሮት ነበር። የክልል መሥሪያ ቤቶች የክልላቸውን ሕግ ስለሚከተሉ፥ አዲስ ተቀጣሪ ሁሉ የሚሠራበትን ደንብ ከሰው ኃይል ክፍል ጠይቆ ቢያነብ መልካም ነው።

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 625፥ የሴትን ችግር ወይም በእርሷ ላይ ያለውን ሥልጣን መሣሪያ አድርጎ ከእርሷ ጋር ወሲብ የሚፈጽመውን፥ በእርሷ አቤቱታ መነሻነት፥ በእስራት ይቀጣል። አሠሪውም አስተማሪውም በዚያ ተጠቅሰዋል፤ እኛም መምህራን ልናነበው የሚገባ አንቀጽ ነው።

ምን እናድርግ?

መጀመሪያ፥ በግልጽ ቃል «ይህን አልወደውም፤ ስለ ሥራው ብቻ እንነጋገር» ማለት ነው። ሁለተኛ፥ ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ ቦታውን፥ የተባለውን ቃልና የሰማውን ሰው መጻፍ፤ በስልክ የመጣውንም መልእክት አለማጥፋት። ሦስተኛ፥ ለሚታመን ሰው ነግሮ አቤቱታውን በሁለት ቅጂ ማዘጋጀትና በአንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስደርጎ ማስቀረት ነው።

የሁሉም ሸክም በተበዳይዋ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ግን እኛ ባልደረቦች አለን። አለቃው የሚበረታው በሳቃችን ነው። አለቃ ሲገባ ብድግ ማለት የአገራችን ጨዋነት ነው፤ ለነውር ማጨብጨብ ግን ከጨዋነት አይቆጠርም። መልካም አለቃም የበታቹን ብቻዋን ከሥራ ሰዓት በኋላ አያስቀርም፤ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣም ቢበደል ወዴት አቤት እንደሚል በመጀመሪያው ቀን ይነግረዋል።

ወልድያ ስንደርስ ከመናኸሪያው አጠገብ አንድ ደብተር ገዛን። ሻይ እየጠጣን፥ ያንን የሦስት ወር ነገር በየቀኑ እያስታወሰች ጻፈችው። በየዕለቱ የሌላውን ሰው አቤቱታ ገቢ የምታደርግ ልጅ፥ የራሷን አንድ መስመር እንኳ ጽፋ አታውቅም ነበር።

ከሳምንት በኋላ ማመልከቻዋን አስገባች። ያን ጊዜ ከዚያው መሥሪያ ቤት ሁለት ሴቶች፥ እያንዳንዳቸው «በእኔ ብቻ የደረሰ» ሲመስላቸው የኖሩ፥ ፊርማቸውን ጨመሩበት። አንደኛዋ «ጨዋታ ነው፤ አታክብጂው» ያለቻት ባልደረባዋ ናት።

ጉዳዩ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ቀርቧል፤ ውሳኔው ገና ነው። ልጅቱ ግን ሥራዋን አልለቀቀችም። በዚያ ቢሮም ከእንግዲህ «የእኛ ቆንጆ» ቢባል የሚሥቅ ሰው አይገኝም።